የሳንባ በሽታ በጡቴ ውስጥ

ስሜ ፈትያ ነው። ትልልቅ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ በሚሏት በጭሮ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ጡቴ ሰው እንዲያነበው መጻፍ ይከብደኛል። ባለቤቴ ጀማልም ሐሳቤን ስነግረው መጀመሪያ «ሰው ምን ይላል?» ብሎኝ ነበር። ጥቂት ቀን አሰበበትና ግን «ጻፊው። እኛ የተንከራተትነው የሚነግረን ሰው ስላጣን ነው» አለኝ።

ሁለተኛ ልጄን ዩስራን እያጠባሁ ነበር። አንድ ቀን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ፣ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ጣቴ ነካ። ስጫናት አታምም። የገረመኝም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ ወተት ቋጥሮብኝ ያውቃል፤ ያኔ ጡቴ ቀልቶ፣ እንደ እሳት ፈጅቶኝ፣ ልብስ እንኳ ሲነካኝ እጮህ ነበር። ይህችኛዋ ግን ዝም ብላ ተቀምጣለች። በጠዋት እነካታለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እነካታለሁ፤ ተንቀሳቅሳ እንደሆነ፣ አድጋ እንደሆነ ለማወቅ።

የጀማል እናት አዮ ሙሚና ዩስራ ስትወለድ ሊያርሱኝ ከመቻራ መጥተው እኛው ጋ ቀርተው ነበር። አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። ነገሩን ሳሳያቸው በጣታቸው ዳሰሱና «ወተት ነው» አሉ። «ልጅቷን ደህና አርገሽ አጥቢያት። ስባ ታወጣዋለች።»

ዩስራ ብትስብም አልወጣም። ሽምብራዋ ሎሚ አከለች። ወደ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያየኝ ባለሙያ በልብሴ ላይ ጫን ጫን አደረገና ወተት ቋጥሮ ኢንፌክሽን ፈጥሯል ብሎ የሚዋጥ እንክብል ሰጠኝ። ጨረስኩት፤ ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ፤ ተመልሶ አበጠ። ሌላ ዓይነት ሰጠኝ። እሱንም ጨረስኩ። በመጨረሻ ቆዳው ስስ ሲል «መከፈት አለበት» አለኝና አደንዝዞ ከፈተው።

አንገቴን አቅንቼ አየሁ። አትዪ ቢለኝም አየሁ። የወጣው ነገር እንደማውቀው መግል ወፍራምና ቢጫ አልነበረም። እንደ አሬራ ቀጥኖ፣ በውስጡ የአይብ ፍርፋሪ የመሰለ ነጭ ነገር ይንሳፈፍበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«መግል ነዋ። ምን እንዲሆን ፈለግሽ?»

«መግል ከሆነ ለምን ትኩስ አይደለም? ቆዳዬ አልቀላም፣ አላቃጠለኝም።»

«አስተማሪ ነሽ አይደል? ጥያቄውን ለተማሪዎችሽ አቆይው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ያ ፈሳሽ ግን በጥጥ ተጠርጎ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሳስበው፣ መልሱ የነበረው እዚያ ባልዲ ውስጥ ነው። በትንሽ ብልቃጥ ተቀብሎ ላቦራቶሪ የላከው ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ በዚያው ባለቀ።

ቁስሉ አልዘጋም። አንዴ የደረቀ ይመስልና በአጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ፋሻ ደራርቤ፣ ሰፊ ሒጃብ አድርጌ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግራ ክንዴን ከጎኔ አላላቅቅም፤ ፈሶ ልብሴን እንዳያርሰው፣ ልጆቹም እንዳይሸታቸው እሰጋለሁ። ጠዋት ስነሳ የለበስኩት ሁሉ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ከስቻለሁም። የሚያጠባ ሰው ይከሳል፣ ቆላ በኩል ሙቀት ሲበረታ እኛም ጋ ያልባል እያልኩ ለሁሉም ምክንያት እፈልግለታለሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ አድርጌ ግን አላየሁትም ነበር።

አዮ ዓይን ነው አሉ። ጡቷ ወተት ሲሞላ ያየ ሰው አለ፣ ከዚያ ወዲህ ነው፣ አሉ። ቁርኣን የሚቀሩልኝ ሼህ ቤት ድረስ አስመጡ። ጀማል የሚኤሶ መስመር የጭነት አይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ደክሞት ገብቶ ቤቱን ሰው ሞልቶት ሲያገኘው ከእናቱ ጋር ኃይለኛ ጭቅጭቅ ገጠመ። የገላገሉት ራሳቸው ሼሁ ናቸው። ቀርተው ሲጨርሱ «አላህ አፊያ ያድርግሽ። ዱዓው ይቀጥላል። ግን ቁስል ለሐኪም ነው የሚታየው፤ የመዳኛ ሰበብ ሳትፈልጊ አትቀመጪ» አሉኝ። አዮ ከዚያ በኋላ ስለ ዓይን አላነሱም።

ወደዚያው ክሊኒክ ተመለስኩ። ባለሙያው አሁን አልሳቀም። ፊቱን አጨፍግጎ «ካንሰር ይመስላል። ቶሎ ብለሽ ጡቱን ብታስነሺ ይሻላል» አለኝ።

ጀማል ያን ቀን መኪናውን ለባልደረባው ሰጥቶ ቤት ዋለ። አዲስ አበባ ወስጄሽ ይቆረጥ አለ። ፈርቶ ነው፤ ጀማል ሲፈራ ይቸኩላል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ዩስራን እያየሁ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ልሞት ነው እል ነበር። ከፍርሃቴ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይነሳል። «ጀማል፣ ይመስላል ነው እኮ ያለው። ምን እንደሆነ ያየው ሰው የለም። ሳይታይ ለምን ይቆረጣል?»

በዚህ ጥያቄ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ረጅም አግዳሚ ላይ ብዙ ጠበቅን። ተራዬ ደርሶ ስገባ ያገኘኋት ወጣት ሴት ሐኪም ናት። መጀመሪያ በሩን ዘጋች፤ እንዲህ ያለ ነገር እንኳ ያደረገልኝ ሰው አልነበረም። ቁስሉን አየች፣ ብብቴን ዳሰሰች፣ እዚያም ያበጠ እጢ አገኘች። ያ እንደ አሬራ ያለ ፈሳሽ እንዴት እንደነበር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እንደ ምን አልሽ?»

«እንደ አሬራ። የአይብ ፍርፋሪ ያለበት።»

«ያልብሻል?»

«ያልበኛል።»

«ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?»

ጥያቄው ከጡቴ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። አማቴ አንዳንዴ ያስላቸዋል፣ የጢስ ሳል ነው፣ አልኳት። ከቁስሉ ፈሳሽ ወስዳ ላቦራቶሪ ላከች። ከእብጠቱ ደግሞ የሥጋ ናሙና እንዲወሰድ ወደ ሐረር የሪፈር ወረቀት ጻፈችልኝ። «ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሳናውቅ የምንቆርጠው ነገር የለም» አለችኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ ቀለል አለኝ። የዳንኩ ያህል አልተሰማኝም፤ የእኔን ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላ ሰው በማግኘቴ ነው።

ወደ ሐረር ስንሄድ ዩስራን ይዣት ነበር፤ ጡት አልተወችም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ወንበር ሞልቶ ጀማል ውጭ ቆመ። እኔ ከበደሳ ከተማ ከመጣች አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። እህቷን አስተኝታ ነው፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ የለም። ስሜ ሲጠራ ልጄን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገብቶኝ ስንደፋደፍ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ። ልጅ እኔን አያስቸግረኝም።» ስመለስ ዩስራ ትከሻዋ ላይ ተኝታ ነበር። ሴትዮዋ በኦሮምኛ «ረቢ ሲ ሃ ፈዪሱ» አለችኝ፤ ፈጣሪ ይማርሽ ማለቷ ነው። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን።

ናሙናው ሲወሰድ አደንዝዘውኝ ስለነበር ያመመኝ ጥቂት ነው። ከጡቴ የወጣው ሥጋ እንደ ክር ቀጭን ነበር። ብልቃጥ ውስጥ ሲያስገቡት ውሃው ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፎርማሊን እንደሆነ፣ ከዚያ በጣም ስስ ሆኖ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ እንደሚታይ ሐኪሙ አስረዳኝ። ስለ ራሴ ሥጋ ሳወራ ፍርሃቴ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። አጠገቡ የነበረችው ነርስ «የምትገርሚ ነሽ» አለችኝ።

ውጤቱን ሊቀበል የሄደው ጀማል ነው። ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጠራ፤ ወጥቼ አነሳሁት።

«ፈቲ» አለኝ። «ነቀርሳ ነው አሉኝ።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። እናቴ ካንሰርን የምትጠራው በዚህ ስም ነው፤ ነቀርሳ የያዘው ሰው ደግሞ ሲተርፍ አይቼ አላውቅም። ወደ ክፍል ተመልሼ የጀመርኩትን ትምህርት ጨረስኩ። ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም። ቤት ገብቼ ዩስራን ሳነሳ አዮ ፊቴን አይተው ከእጄ ወሰዷት።

በማግስቱ ጀማል ሲደርስ ተያይዘን ዶክተሯ ጋ ገባን። ወረቀቱን አነበበች። ፊቷን ነው የማየው፤ ፊቷ ግን እኔ የጠበቅኩትን አልሆነም።

«ነቀርሳ ነው ያለህ ማነው?» አለችው ጀማልን።

«ውጤት የሚሰጠው ልጅ።»

«የትኛው ነቀርሳ እንደሆነ ጠየቅከው?»

«ነቀርሳ ስንት ነው?» አለ ጀማል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ወንበሯን ወደ እኛ ሳብ አደረገች። «ሁለት ነው። አባቶቻችን ካንሰርንም ነቀርሳ፣ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ ብለው ስም አወጡላቸው። በሽታዎቹ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ፈትያ ካንሰር የለባትም። ያለባት ቲቢ ነው። ከቁስሏ የወሰድነው ፈሳሽ ላይም በማሽን ተገኝቷል፤ በተለመደው መድኃኒት ይድናል።»

ጀማል «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከምስጋናው በፊት የወጣኝ ጥያቄ ነው። «ጡት ውስጥ?» አልኩ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ቲቢ በትንፋሽ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ነው እላለሁ። ሌላ ቦታ ሊወጣ እንደሚችል አንድ መስመር እንኳ አስተምሬ አላውቅም።

ዶክተሯ አስረዳችኝ። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በትንፋሽ ይገባል። ሳንባ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ በደም ወይም በእጢዎች መስመር ተጉዞ አንገት፣ አጥንት፣ አንጀት ላይም ሊወጣ ይችላል። ጡት ላይ መውጣቱ በጣም አልፎ አልፎ ነው። ሲወጣም የሚያጠቡ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ ሐኪሙ ሁሉ ወተት ነው ይላል፤ ሲቆይና ሲጠጥር ደግሞ ካንሰር ነው ይላል። ለዓመታት አንቀላፍቶ ቆይቶ ሰውነት ሲደክም ሊነሳ ይችላል። ያልፈላ ወተትም አንዱ መንገድ ነው። ይህን ስትል እኔና ጀማል ተያየን፤ ከሚኤሶ ሲመለስ ጥሬ የግመል ወተት በጀሪካን ያመጣልን ነበርና። ከየት እንደመጣብኝ ዛሬም አላውቅም። ጥሬ ወተት ግን ቤታችን ቀርቷል።

ቤት ገብተን ለአዮ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብለን ነገርናቸው። እሳቸውም «ሶምቢ ሀርማ ኬሳ ጅራ?» አሉ። ጡት ውስጥ ሳንባ አለ ወይ ማለታቸው ነው። ሳቅ አፈነዳን። ከስንት ጊዜ በኋላ በቤታችን ሳቅ ተሰማ። አዮም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አላቆም አለ። ግድግዳ ተደግፈው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲያስሉ ጀማልና እኔ ሳቃችንን ዋጥን። የዶክተሯ ጥያቄ አሁን ገባኝ።

አልመረመርም አሉ። «ይሄ ሳል ከመቻራ ይዤው የመጣሁት ነው፤ የእንጨት ጢስ ነው» አሉ። የቲቢ ክፍሏ ነርስ ሲስተር አልማዝ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ መታየት አለበት ብላለች። በመጨረሻ የተረቱት በዩስራ ነው። «አዮ፣ ከእርስዎ እቅፍ አትወርድም እኮ» አልኳቸው። ነጠላ ጫማቸውን አደረጉ።

አክታቸው በተመረመረበት ቀን ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላየው፣ ብዬ ባለሙያውን ለመንኩት። ሰው ስላልነበረ አስገባኝ። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ሰማያዊ ሜዳ ላይ የተበጣጠሰ ቀይ ክር የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች ተበትነዋል። ቀለሙን እኛ ነን የቀባናቸው አለኝ። ስንት ሰው ያስጨነቀው ነገር ይሄን ያህል ነው? ብዬ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ከዚያ ነው የማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። አዮ ሳንባቸው ላይ ነበረባቸው ማለት ነው።

ስወጣ «አየሽው? ምን ይመስላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ልየው» አሉ። ባለሙያው ሳቀና እሳቸውንም አስገባቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ያዩት ይሁን አይሁን አላውቅም። ቀና ሲሉ «ይሄ ነው ልጄን ያሳመማት?» አሉ። እስከዚያ ቀን ለሰው የሚያስተዋውቁኝ የልጄ ሚስት ብለው ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። «እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ።» ሲስተር አልማዝ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እናቴ፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ማንም አያውቅም። ለፈትያ የጠየቅነው ጥያቄ ነው እርስዎን ያስገኘልን። ባይታመሙ ደስ ይለን ነበር፤ ታመው ሳይታወቅ ቢቀር ግን ይብስ ነበር» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጎን ለጎን ቆመን መድኃኒት ዋጥን። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ክኒኑ ይበዛል፣ በኋላ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሽንትን እንደሚያቀላ ሲስተር ነግራን ነበር፤ አዮ ግን ረስተውት «ደም ሸናሁ!» ብለው ጎረቤት ጠሩብን። እኔን ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ መገጣጠሚያዬንም ይቆረጥመኛል። ሲስተር አልማዝ ዓይኔ ቢጫ ከሆነ ወይም ማየት ካስቸገረኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠንቅቃኛለች። ጀማልና ሁለቱም ልጆች ተመርምረው ነፃ ሆኑ፤ ለዩስራ መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት። ማጥባቴንም በደህናው ጡቴ ቀጠልኩ። አዮ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማስክ አድርገው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ ዩስራን ከሩቅ እያዩ አሳለፉ። ከመድኃኒቱ ይልቅ ያ ነው የከበዳቸው።

ትምህርት ቤት አንዲት ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆዋን ከእኔ አራቀች። የጡት ቲቢ በሻይ ብርጭቆ አይተላለፍም ብዬ አስረዳኋት። ገባት፤ ብርጭቆውን ግን አልመለሰችም። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይማርም።

ቁስሉ መጀመሪያ እንደውም የባሰበት መሰለኝ፤ ከዚያ ፈሳሹ እየቀነሰ፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ መጡ። ያኔ ነው ፈተናው። ደህና ነኝ፣ በልቼ እጠግባለሁ፣ ለምን መድኃኒት ያቅለሸልሸኛል? አልኩ። ሲስተር አልማዝ «ቁስሉ ተዘጋ እንጂ ውስጡ አላለቀም። አሁን ብታቆሚ የተረፈው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፤ ያኔ ይሄ ክኒን አይመልሰውም» አለችኝ። ጨረስኩ። አዮም ጨረሱ፣ ወፍረው መቻራ ገቡ። ግራ ጡቴ ከቀኙ ትንሽ አንሷል፤ ጠባሳም አለው። ሲነካ አያምም።

ወሬዬ በሰፈር ተሰማ። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ መጡ። ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ አንደበተ ብርቱ ሴት ናቸው። ገብተው በሩን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፈትያ፣ ያ ክኒን ተርፎሻል?»

«ለምን ፈለጉት እትዬ?»

ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ቀኝ ጡታቸው ላይ ቆዳው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። «እኔም እንዳንቺ ነው። አያምም። አንቺ በክኒን ድነሻል፤ እኔን ሆስፒታል ለሆስፒታል አታንከራትቺኝ።»

ክኒን አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጣቸውም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። የእኔ ቲቢ መሆኑ የታወቀው ከተመረመረ በኋላ ነው፣ የእርስዎን የምናውቀው የእርስዎ ሲመረመር ነው አልኳቸው። ተቆጡ። «ሰው ሲድን ይኮራል» ብለው ወጡ። ሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መንገዱን ሁሉ እየተነጫነጩ ተከተሉኝ። ዶክተሯ ጋ ስንደርስ ግን እጄን ያዙ፣ ናሙናው እስኪወሰድም አልለቀቁኝም።

የእሳቸው ቲቢ አልነበረም። ካንሰር ነው፤ ገና ሳይሰራጭ የተገኘ። ሐረር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ተከታይ ሕክምናውንም እየወሰዱ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ፀጉራቸው ረግፎ ሻሽ አስረዋል፤ አንደበታቸው ግን ያው ነው። ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ ካወራን በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ቀን ክኒኑን ብትሰጪኝ ኖሮ» አሉኝ፣ «እየመረቅኩሽ እሞት ነበር።»